የሰሌዳው ቁልፍ

አሥራ ሰባት ዓመት ሸምኜ፣ አንድ ቀን ቢሮ ሲያስቀምጡኝ፣
«የውስጥ ዜና አደራጅ» አሉኝ፤ ወንበርና ማኅተም ሰጡኝ።
«ሠራተኛው ወሬ አይልቀም፤ መረጃ ይድረሰው» ተባለ፤
ወሬና መረጃ ባንድ ሰርቪስ እንደሚሳፈሩ ማን አስተዋለ?

ከጥበቃው ጎጆ ጎን መስታወት የለበሰ ሰሌዳ ቆሟል፤
ውስጡ ገና አምና ነው፤ ወረቀቱ በኮምቦልቻ ፀሐይ ገርጥቷል።
የእግር ኳስ ድልድል፣ የጠፋ መታወቂያ፣
የተዘጋ ክሊኒክ አድራሻ፣ ያለፈ ጨረታ ማስታወቂያ።
«ቁልፉስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ይመር ጋ ነው» አሉ ሁሉም፤
ይመር ጡረታ ወጥቶ ሐርቡ ገብቷል፤ ስልክም አያነሣም።

እንግዲያው ቴሌግራም ከፈትሁ፤ ስሙን «ድርና ማግ» አልሁት፤
ሦስት መቶ ሰው ገባልኝ፤ ማታ ማታ እንደ ብር ቆጠርሁት።
በጻፍሁ ቁጥር ልብና አበባ ይዘንብልኛል፤
ያነበበው ግን ስንት ነው? ማን ይነግረኛል?
ስድስት መቶው ውጭ ቀረ።
ስድስት መቶው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነበረ፤
ቁልፍስ አለው፤ ዜና አይከፍትም እንጂ።

ማክሰኞ ከሰዓት እንዲህ ለጠፍሁ፦
«የማታው ፈረቃ ሰርቪስ፣ ከዛሬ ጀምሮ፣
ከደሴ ሁለት ተኩል ይነሣል፣ ሰዓቱ ተቀይሮ።»
ጦይባ አረቡ፣ የፈትል ክፍሏ፣ ሸዋ በር ላይ ቆማ፣
ከጦሳ የወረደ ጉም ሻሿን አርሶባት፣ ጨለማ፣
ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ፤ አውቶቡሱ ድሮ ወርዷል፤
የሌሊት ደመወዟም አብሮት ተሳፍሯል።

በማግስቱ ቢሮዬ መጣች። አልጮኸችም። ቁጭ አለች።
«አብሽር፣ ልጣላህ አልመጣሁም፤ ግን ስማኝ» ብላ ቀጠለች፤
«ዜናህ ስልክ አለው እንጂ እግር የለውም፤
ሸዋ በር ድረስ መጥቶ ‹ሄዷል፣ ግቢ› አላለኝም።»

ዝም አልሁ። ጆሮዬ ውስጥ ዛሬም ማሽኑ ይጮሃል።
እኔ እኮ አውቀዋለሁ፤ እኔ እንዴት ይጠፋኛል?
እዚያ ታች ድምፅ አይሠራም፤ በእጅ ነው የሚወራ፤
ከንፈር ያነባል ሸማኔ፣ ዓይኑን ከክሩ ጋራ።
ሁለት ጣት አንጓ ላይ፣ ሰርቪስ፤ መዳፍ ጉንጭ ላይ፣ መርዶ፤
ከአንደኛው ማሽን አርባኛው ይደርሳል፣ ክር ሳይበጠስ ወርዶ።

ወረድሁ። ገና ከበሩ፣ ጣቶች ሲሯሯጡ አየሁ፤
ማፍተልተል፣ ከዚያ ባዶ መዳፍ መዘርጋት። አነበብሁ፦
ጥጥ እያለቀ ነው።
እኔ በዚያው ጠዋት፣ ከላይ በተሰጠኝ ቃል፣
«ምርታችን በታቀደው መሠረት ይቀጥላል»
ብዬ ለጥፌ ነበር። ባለ ማኅተም።

ቅዳሜ ሐርቡ ሄድሁ። ይመርን ከማሽላው ዳር አገኘሁት፤
ከሽርጡ ጫፍ ቋጠሮ ቁልፉን ፈታልኝ፤ ተቀበልሁት።
«ምነው ሳትመልስ?» ብለው፣ ሳቀና፣ «ማን ጠየቀኝ?
ሲሰጡኝ ‹ቆልፍ› ነው ያሉኝ፤ ‹ክፈት› መቼ አሉኝ?»

ሰኞ መስታወቱን አወለቅሁት፤ አምናን በሙሉ አነሣሁ፤
የሰርቪሱን ሰዓት በቀይ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ፤
ለጦይባ በእጄ ነገርኋት፤ እስከ ጥግ ሲደርስ አየሁ።
ከጎኑ ባዶ ወረቀት ሰቀልሁ፤ እርሳስ በማግ ክር አሰርሁ።

ማታ ስወጣ ወረቀቱ ንጹሕ ነበረ፤
ጠዋት አንድ መስመር፣ ዘይት በነካው ጣት የተጫረ፦
«ጥጡ ለስንት ቀን ይበቃናል?»
ስም የለውም።

ማኅተሜን አውጥቼ ነበር፤ መለስሁት ወደ ኪሴ።
የሥራ አስኪያጁ መኪና እየወረደ ነው ከደሴ፤
እኔም ሰሌዳው ሥር፣
እንደ ጦይባ፣
ቆሜ እጠብቃለሁ።